ከሕግ ጋር ከተጋጩ ልጆች ጋር ለመሥራት ምን ላጥና?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። የሁለተኛ ዓመት የሶሺዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስመረቅ ወንጀል ፈጽመዋል ተብለው ከተያዙ ልጆች ጋር መሥራት እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር የወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ የሚባል ኮርስ ልወስድ ነው። ሕጉን ብቻ ባጠና ልጆቹን የማውቃቸው አይመስለኝም፤ ሥነ ልቦናውን ብቻ ባጠና ደግሞ ፍርድ ቤት ስቆም የምለው እንዳላጣ እፈራለሁ። በሥራው የቆያችሁ፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሕግ ባለሙያ
እህቴ፣ ለመነሻ ሦስት ሰነድ ይበቃሻል። የመጀመሪያው የ1989ኙ (እ.ኤ.አ.) የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ነው፤ አንቀጽ 37ንና 40ን ደጋግመሽ አንብቢ። ልጅን ማሰር የመጨረሻው አማራጭ እንዲሆን፣ ከታሰረም ተገቢ ለሆነው አጭር ጊዜ ብቻ እንዲሆን የሚያዘው 37 ነው። ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት ስለ ወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ ያወጣቸው የ1985ቱ የቤጂንግ ደንቦች ናቸው። ሦስተኛው የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 ያወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 24 ነው፤ በወንጀል የሚያስጠይቀው ዝቅተኛ ዕድሜ ቢያንስ 14 ዓመት እንዲሆን ይመክራል። ከዚያ የአገርሽን ሕግ አጠገባቸው አስቀምጪና የሚለያዩበትን ቦታ ሁሉ በጽሑፍ አውጪ። ይህን የሠራ ተማሪ ፍርድ ቤት ገብቶ የሚለው አያጣም።

ታሪኩንም አትዝለዪው። በ1899 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት የተነሣው ከርኅራኄ ነበር፤ ዳኛው እንደ አባት ይሁን ተባለ። አባት ከሆነ ታዲያ ጠበቃ ለምን ያስፈልጋል? አሪዞና ውስጥ የ15 ዓመቱ ጄራልድ ጎልት ጸያፍ ስልክ ደውሏል ተብሎ እስከ 21 ዓመቱ ሊያቆየው ወደሚችል ተቋም ተላከ። ያንኑ ጥፋት አዋቂ ቢፈጽመው ቅጣቱ ቢበዛ 50 ዶላር ወይም የሁለት ወር እስር ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 ውሳኔውን ሽሮ ልጆችም ጠበቃ የማግኘትና ዝም የማለት መብት እንዳላቸው ወሰነ። ልጅን መውደድ መብቱን እንደማይተካ ከዚህ ጉዳይ የተሻለ የሚያሳይ አላገኘሁም።

መልስ፦ ከማኅበራዊ ሠራተኛ
እኔ የምጨምረው ጽሕፈት ነው። ቤጂንግ ደንብ 16 ዳኛው ከመወሰኑ በፊት የልጁ አስተዳደግና ጥፋቱ የተፈጸመበት ሁኔታ እንዲጣራ ይላል። ይህን ሪፖርት የምትጽፊው አንቺ ትሆኛለሽ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ስለ አንድ የ15 ዓመት ልጅ መዝገቡን ብቻ አንብቤ ጻፍኩ። «ከትምህርት ቤት በተደጋጋሚ ይቀራል» አልኩ። ቤቱ ስሄድ መቅረት የጀመረው አባቱ በሞተ በወሩ እንደሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ታናናሾቹን የሚያደርሰው እሱ እንደሆነ እናቱ ነገረችኝ። ሪፖርቱን አስተካከልኩት፤ ቤት ሳልሄድ ብቀር ኖሮ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር እንዳለች ዳኛው ፊት ትቀርብ ነበር። ስለዚህ አሁኑኑ ተለማመጂ፦ ያየሽውን፣ የሰማሽውንና የገመትሽውን ለይተሽ መጻፍ። ከጽሑፍሽ «ባለጌ»፣ «እምቢተኛ» የሚሉ ቃላትን አውጥተሽ ልጁ ያደረገውን ብቻ ግለጪ።

መልስ፦ ከሥነ ልቦና መምህር
የጉርምስና ዕድገትን በደንብ አጥኚ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴሪ ሞፊት በ1993 እንደጻፈችው አብዛኞቹ ጥፋተኛ ወጣቶች ጥፋቱን ከጉርምስናቸው ጋር ይተዉታል፤ ከልጅነት ጀምሮ እስከ ጉልምስና የሚቀጥሉት ጥቂቶች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ሊተወው የነበረውን ልጅ ያበላሻል። ልጆችን እስር ቤት ወስዶ በእስረኞች ማስፈራራት ሲጠና ጥፋትን የሚቀንስ ሳይሆን የሚጨምር ሆኖ ተገኝቷል። «ትንሽ ይደንግጥ» የሚልሽ ባልደረባ አይጠፋም፤ ያኔ ይህን አስታውሺ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የተበደለው ሰውስ? ለልጁ ስቆም እሱን የረሳሁት መስሎ ይሰማኛል።

መልስ፦ ከማኅበራዊ ሠራተኛ
ጥሩ ጠየቅሽ። ኒውዚላንድ በ1989 ባወጣችው ሕግ ያቋቋመችውን የቤተሰብ ጉባኤ አጥኚ። ልጁ፣ ቤተሰቡ፣ ተበዳዩና ፖሊስ አብረው ተቀምጠው ጥፋቱ በምን እንደሚካስ ይነጋገራሉ። ተበዳዩ ካልፈለገ ግን አይገደድም፤ ልጁም ጥፋቱን ካላመነ ነገሩ በፍርድ ቤት ይታያል።

መልስ፦ ከሕግ ባለሙያ
ለተግባር ልምምድ ስትወጪ አንድ ጥንቃቄ፦ በኮርስ ጽሑፍሽ የልጁን ስም ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱን፣ ሰፈሩንና የቤተሰቡን ሁኔታም አትጥቀሺ። በትንሽ ቦታ «የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ» ማለት ስም መጥራት ነው።