የፒስተን ኳኳታ በቀድሞዎቹ የቅንጦት መኪኖች

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ በጋራዣችን ያለ አንድ አሮጌ ሞተር ጠዋት ሲነሳ ኳ ኳ ይልና ሲሞቅ ዝም ይላል። ጸጥታን ከሁሉ ያስቀድሙ የነበሩት የ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቅንጦት መኪና ሠሪዎች ይህን ድምፅ እንዴት አጠፉት?

መልስ፣ ከደሴ፦ ወንድሜ፣ ምንጩ ፒስተኑ፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ክፍል፣ የተሠራበት አሉሚኒየም ነው። ክብደቱ ቀላል በመሆኑ የቢየላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ዘንግ) ጫና ቢቀንስም፣ ሲሞቅ ከብረት ሲሊንደሩ በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ በቅዝቃዜ ጊዜ ሰፋ ያለ ክፍተት መተው ግድ ይላል፤ ፒስተኑም በዚያ ክፍተት ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተወረወረ ይመታል። ስለዚህ አንዳንዶቹ የፒስተኑን ቀሚስ (የታችኛውን የጎን ግድግዳ) በቁመቱ ሰንጥቀው እንዲለጠጥ አደረጉት፤ ሌሎቹ ደግሞ በሙቀት እምብዛም የማይሰፋውን ኢንቫርን፣ ማለትም 36 በመቶ ያህል ኒኬል ያለበትን ብረት፣ ውስጡ ቀበሩበት፤ ለእኔ ብልሃቱ የጎላው በዚህኛው ነው።

ሌላ መልስ፦ ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘውን ፒን ከመሃል በጥቂቱ ማዛነፍም ምቱን ያለዝባል። ፍተሻው ግን ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ይሁን፤ ከሞቀ በኋላ ማዳመጥ ያታልላል።