ቅዳሜ በርተድ ፓስ እንሂድ ወይስ እንቅር? የበረዶ ናዳው ደረጃ «3» ነው

የደባርቋ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሰባት ሆነን ቅዳሜ በስኖውሹ (በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጡ ከጫማ ሥር በሚታሰር ሰፊ መራመጃ) ወደ በርተድ ፓስ፣ ተራራ ላይ ወዳለው መተላለፊያ፣ ልንሄድ አስበናል። ያደግሁት ስሜን ተራሮች ሥር ስለሆነ ዳገት አይከብደኝም፤ በረዶ ግን አላውቅም። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ከ5 ደረጃዎች 3ኛው ላይ አድርጎታል። መካከለኛ ስለሆነ ተጠንቅቀን ብንሄድስ? ተራራው ላይ አንወጣም፣ ከሥሩ ባለው ሜዳ ነው የምንጓዘው። ከማክሰኞ ጀምሮ ብዙ በረዶ ጥሏል፣ ነፋስም ነበረ።

መንገደኛው
እህቴ፣ 3ን መካከለኛ ብለሽ አትውሰጂው። ከ2 ወደ 3 ሲኬድ አደጋው በአንድ እርከን ብቻ ሳይሆን እየተባዛ ነው የሚያድገው። 3 በሆነበት ቀን ሰው ረግጦት ናዳ ቢነሳ የሚያስገርም አይደለም።

ይበልጥ ያስፈራኝ ግን «ከሥሩ» ያልሽው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2013 ሎቭላንድ ፓስ አጠገብ፣ ሺፕ ክሪክ በተባለው ቦታ ስድስት ሰዎች ከተዳፋቱ ግርጌ ሲያልፉ ናዳው ከላያቸው ወረደ። አምስቱ ሞቱ። መሣሪያም ልምድም ነበራቸው።

ሐበሻ በዴንቨር
እኔ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ምንም አልገጠመኝም። የሰው ዱካ ካለ ችግር የለውም።

በረዶ ተማሪ
ወንድሜ፣ ዱካ ማስረጃ አይሆንም። አሥር ሰው ያለፈበት ተዳፋት በአሥራ አንደኛው ሊናድ ይችላል፤ ደካማው ንብርብር ሥር ነውና ከላይ አይታይም።

የኮሎራዶ በረዶ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚጥለው ስስ ነው። ከሥሩ መሬቱ ገና ሙቀት ይዟል፣ ከላይ ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል። በዚህ ልዩነት የበረዶው ቅንጣት ተለውጦ እንደ ስኳር ይሆናል፤ ብትጨብጡት አይጣበቅም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከባድ በረዶ፣ በተለይ ነፋስ ያጠቀጠቀው፣ በፈሰሰ ሽምብራ ላይ እንደተጋደመ ሳንቃ ነው። አንድ ቦታ ሲረገጥ ሽምብራው ይከዳል፣ ሳንቃው ይሄዳል። ሜዳው ላይ ቆማችሁም ልትቀሰቅሱት ትችላላችሁ። እግራችሁ ሥር «ዉምፍ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም በረዶው ሲሰነጠቅ ካያችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ነርሷ
ሰባታችሁም ቢከን (የተቀበረ ሰው እንዲገኝ ሲግናል የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ)፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ አላችሁ? አጠቃቀሙንስ ተለማምዳችኋል? የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈው ተስፋው በጣም ይመነምናል። 911 ብትደውሉ በዚያ ጊዜ ማንም አይደርስላችሁም፤ የሚያወጣው አብሮት ያለው ጓደኛ ነው። ስልክ የቢከኑን ሲግናል ስለሚረብሽ አርቃችሁ ያዙት።

የደባርቋ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቢከን ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። በርተድን ትተነዋል። ሌላ የት እንሂድ? ተዳፋትነቱንስ በምን ልለካ?

መንገደኛው
ብሬናርድ ሐይቅ ሂዱ። በበረዶ ወራት መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፤ ጫካ መሃል ለጥ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ከሐይቁ አልፋችሁ ወደ ገደሎቹ ግን አትጠጉ።

በረዶ ተማሪ
ለመለኪያው ስልክሽ ላይ ያለው ውሃ ልክ ይበቃል። ምርኩዝሽን ተዳፋቱ ላይ አጋድመሽ ስልኩን በጠርዙ አስቀምጪበት። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ነው። ነገር ግን ይህን የምታደርጊው ለመማር በትንሽ ጉብታ ላይ እንጂ የምትፈሪው ተዳፋት ላይ ወጥተሽ አይሁን፤ ትልቁን ከቤት ሳትወጪ ካርታ ላይ እይው። ዓርብ ማታም ቅዳሜ ጠዋትም ትንበያውን ደግመሽ አንብቢ።