የሲሲአር5 ጂን መጥፋት ጉዳቱ ምንድን ነው?

ደሴ ነው ያለሁት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አርብ በሳይንስ ክበባችን ክርክር አለ፤ የፅንስን ጂን መቀየርን የሚቃወመው ወገን ደርሶኛል። ምሳሌዬ በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የቻይናዊው ሳይንቲስት ሄ ጂያንኩዊ ሥራ ነው። ኤችአይቪ ወደ ሴል ለመግባት የሚጠቀምበትን ሲሲአር5ን በክሪስፐር (ጂን መቁረጫ ዘዴ) ነካክቶ መንትዮች ተወለዱ። እሱም 3 ዓመት ተፈረደበት።

«ሕፃናቱ አልተጠየቁም» ብዬ ስለማመድ ጓደኛዬ «አንተስ ለኩፍኝ ስትከተብ ተጠይቀህ ነበር?» አለኝ። ክትባት ለልጅ ልጅ አይተላለፍም ስለው «ጥሩ ነገር ቢተላለፍ ምናለበት?» ብሎ ቁጭ። ልጁ ነገር ይችላል! ቫይረሱ ያለበት አባትየው ስለነበር፣ የዘር ፈሳሹን በማጠብም (የዘር ሴሉን ቫይረሱ ካለበት ፈሳሽ በመለየት) መከላከል ይቻል ነበር። ይሄ ግን አላስፈላጊነቱን እንጂ ጉዳቱን አያሳይልኝም።

ሲሲአር5 የማይሠራለት ሰው በሌላ ቫይረስ የባሰ እንደሚጎዳ የሚያሳይ በጥናት የተደገፈ ምሳሌ አለ?