ባልትና እሸጣለሁ፣ ሎጎ ላሠራ ወይስ ብሬን በርበሬ ልግዛበት?

ባለ ባልትናዋ፣ ገርጂ

ሰላም ናችሁ? ከእናቴ ጋር ሆነን በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣና በሶ እያዘጋጀን መሸጥ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እናቴ ትሠራለች። እኔ አሽጋለሁ፣ አደርሳለሁ፣ ሒሳብ እይዛለሁ፣ ማታ ደግሞ ስልኬ ላይ ተጥጄ ፖስት አደርጋለሁ። የሰፈር ደንበኛ አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሰፈር ግን አልወጣ አለ።

ፌስቡክ ፔጅ አለኝ፣ ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ቲክቶክም ከፍቼ ሦስት ቪዲዮ ጭኜ ተውኩት። ፌስቡኩ 4,000 ገደማ ፎሎወር አለው፣ እውነቱን ልንገራችሁና አብዛኛውን አንድ ልጅ በብር ነው ያመጣልኝ። አንዳቸውም ግማሽ ኪሎ ገዝተውኝ አያውቁም፤ ስማቸውን ሳየውማ ሽሮ ምን እንደሆነ የሚያውቁም አይመስለኝም።

አሁን አንድ "ብራንዲንግ እሠራለሁ" የሚል ልጅ ሎጎ፣ ስቲከርና የሦስት ወር የገጽ አስተዳደር በ25,000 ብር ብሎኛል። ለኔ ብዙ ነው፣ የበርበሬ መግዣዬን ነው የምነካው። እናቴ ደግሞ "በርበሬ በሥዕል አይበላም" እያለች ትስቅብኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? ገጾቼን ማየት ለሚፈልግ በውስጥ እልካለሁ፣ እዚህ ብለጥፈው ማስታወቂያ ይመስልብኛል።

ግራፊክሱ

የላክሽልኝን አየሁት። እኔ ሎጎ ሠርቼ ነው የምበላው፣ ስለዚህ "አሠሪ" ብልሽ ይሻለኝ ነበር። ግን ገና ነሽ።

መጀመሪያ ስምሽን አስተካክይ። የሱቅሽ ስም ውስጥ "ፀ" አለ። ፌስቡክ ላይ በፀሐዩ ፀ ጻፍሽው፣ ቴሌግራም ላይ በጸሎቱ ጸ፣ ስቲከሩ ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል፣ እሱም ከቻናልሽ ሊንክ ጋር አይገጥምም። እኛ ስናነበው ያው ነው፣ ለስልክ ግን ፀ እና ጸ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጎረቤትሽ ስምሽን የነገረቻት ሴት በአንዱ ጽፋ ካጣችሽ ተመልሳ በሌላው አትሞክርም፣ የለችም ብላ ሌላ ጋ ትገዛለች። አንዱን ምረጪና ሁሉም ቦታ እሱን ብቻ ጻፊ። የቴሌግራም ሊንክ በአማርኛ ፊደል ስለማይሆን አጭር አድርጊው። ስልክ ደውለሽ ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ሳትደግሚላት ጽፋ ካገኘችሽ ጥሩ ሊንክ ነው።

ሁለተኛው ስቲከሩ ነው። ቀይ ስቲከር በቀይ በርበሬ ላይ ለጥፈሽ ፎቶ ስታነሺው ምንም አይታይም፣ አንዱን ፎቶ አጉልቼም ስምሽን ማንበብ አቃተኝ። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ በቃ። ስም፣ ስልክ፣ ውስጡ ምን እንዳለ፣ የተዘጋጀበት ቀን። ይኼን ማንኛውም ማተሚያ ቤት ያወጣልሻል። ፎቶውንም ማታ በአምፖል አታንሺ፣ በርበሬው ቡና ይመስላል። ጠዋት በረንዳ ላይ አንሺው።

በቴሌግራም ጫማ ሻጭ

ግራፊክሱ ያለው ልክ ነው፣ ግን ዋናውን ነገር ዘለለው። እህቴ፣ "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚለውን ነገር ማን እንዳስተማረን እንጃ! አንድ ሰው ሽሮ ሊገዛ ብሎ ጽፎ፣ መልስ ጠብቆ፣ አንቺ ከሦስት ሰዓት በኋላ "ሰላም ውዴ" ብለሽው፣ ከዛ ዋጋ... እስከዛ ሱቅ ሄዶ ገዝቶ ወጡም ደርሶለታል። እኔም ተፎካካሪ ዋጋዬን ያይብኛል ብዬ እደብቅ ነበር። ተፎካካሪ ለካ ራሱ ገዢ መስሎ ጠይቆኝ ያውቀዋል፣ የተደበቀው ከገዢው ብቻ ነው።

ቻናልሽ ላይ አንድ ፖስት ጽፈሽ ፒን አድርጊ። የኪሎና የግማሽ ኪሎ ዋጋ፣ የሞተረኛ ሒሳብ ማን እንደሚከፍል፣ በቴሌብር ይሁን በባንክ፣ ከታዘዘ በስንት ቀን እንደሚደርስ። ዋጋ ሲጨምር እዛው ላይ ቀይሪው፣ ለምን እንደጨመረም አንድ መስመር ጻፊ፣ ሰው ይገባዋል።

ፌስቡኩን ብዙም አትልፊበት። ያ የተገዛ ፎሎወር ላይክ እንኳን አያደርግም፣ ፌስቡክም ማንም የማይነካውን ፖስት ለሌላው አያሳየውም። ልክፈልና ይታይልኝ ብትይም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቅሻል። ቴሌግራም ግን ቻናልሽን የተቀላቀለ ሰው ስልክ ላይ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ከዛ 4,000 ይልቅ እውነተኛ 200 ሰው ይሻልሻል። ፔጅሽን ደግሞ ወደ ታች ወርጄ ቆጠርኩት፣ አትቀየሚኝ፣ ከ20 ፖስት 11ዱ ከኢንተርኔት የወረደ "እንኳን አደረሳችሁ" ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው! ሽሮ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ በላይ ምን ገበያ አለ? አንቺ ግን የገባ ቀን አበባ ለጥፈሽ ዝም። ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው ማዘዝ የሚጀመረው።

አንድ የራሴን ልጨምር። ገጽ አስተዳዳሪ ብትቀጥሪም ቻናሉ በአንቺ ስልክ ቁጥር የተከፈተ ይሁን፣ እሱን አድሚን ብቻ አድርጊው። እኔ የመጀመሪያ ቻናሌን የከፈተልኝ ልጅ በራሱ ቁጥር ነበር የከፈተው። ተጣላን። ዛሬ የኔን ደንበኞች ይዞ ሰዓት ይሸጣል።

ከሜሪላንድ

እኔ ገዢ ነኝ፣ የምናገረውም እንደ ገዢ ነው። እዚህ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፣ በርበሬ አላጣሁም። ያጣሁት ማን እንደሠራው ማወቅ ነው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር እቤት ያለውን ከፍቼ አሸተዋለሁ። የሚያምር ሎጎ ይኼን ፍርሃት አያስለቅቀኝም።

እናትሽ ዛላውን ስትቀነጥስ፣ ሲታጠብ፣ ሲሰጣ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ሲደለዝ፣ ኮረሪማው ሲታመስ አሳዪኝ። ሙዚቃ አታስገቢበት፣ የሙቀጫውን ድምፅ ልስማ። ስቲከር ላይ ስሙና ቀኑ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፍ። ባለፈው እህቴ በሰው የላከችልኝን በላስቲክ የተቋጠረ ቀይ ዱቄት ኤርፖርት ላይ ሻንጣውን ለከፈተው ሰውዬ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ያመጣችልኝ ልጅ ላብ በላብ ሆናለች።

ግራፊክሱ

@ከሜሪላንድ ልክ ነሽ፣ ቪዲዮው ከሎጎው ይቀድማል። አንድ ነገር ብቻ፦ ስሙ መታወቅ ከጀመረ በኋላ ሌላ ሰው እንዳይወስደው አስመዝግቢው። ንግድ ቢሮ የንግድ ስም አወጣሁ ማለት የንግድ ምልክት አስመዘገብኩ ማለት አይደለም። ምልክቱ የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ ለ7 ዓመት ይሰጥና ይታደሳል። ሎጎውንም ያኔ፣ አቅምሽ ሲፈቅድ አሠሪ። (ያኔ እኔን አትርሺኝ።)

ባለ ባልትናዋ፣ ገርጂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 11 "እንኳን አደረሳችሁ" የተባለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቄ መጣ። ስሙን በፀሐዩ ፀ አደረግኩት፣ ዋጋውንም ፒን አደረግኩ። ለልጁም ለጊዜው ይቆይ አልኩት፣ ትንሽ ቅር ብሎታል።

እናቴ ፊቴ አይታይ ስላለች ቅዳሜ እጇን ብቻ ቀረጽኩ፣ ዛላ ስትቀነጥስ። መሃል ላይ አስነጠሳትና "ወግጂልኝ ከነስልክሽ!" አለችኝ። ልቆርጠው ብዬ ተውኩት። ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ ጫንኩት፣ እስከ ዛሬ ከሰፈር ውጪ ሁለት ሰው አዟል፣ አንዷ ከአያት ናት። ኮመንቱ ግን አብዛኛው ስለ በርበሬው አይደለም፣ "እማማ ደግመው ይቆጧት" ነው የሚለው። አነበብኩላት። አሁን ደግሞ "ለሚቀጥለው ነጠላዬን ቀይሬ ፊቴም ይታይ" እያለችኝ ነው፣ በነጭ ነጠላ በርበሬ ልትቀነጥስ! እሺ ልበላት?