ለሞተር ሳይክል የትኛው ዘይት? ጥቆማ ከደብረ ማርቆስ

የአክስቴ ልጅ ከሉማሜ ደወለ። «ቦክሰር ሞተር ሳይክል ገዛሁ፤ ምን ዘይት ላድርግበት?» አለኝ። ማስረዳት ስጀምር የስልኩ ካርድ አለቀ። ስለዚህ እዚህ ልጻፍለት፤ ሌላም ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

መልሱን ላስቀድም። ለቦክሰር 20 ደብልዩ 50 የሆነ፣ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ጄ ኤ ኤስ ኦ ኤም ኤ ወይም ኤም ኤ 2 የሚል የጃፓኖች ደረጃ የተጻፈበት፣ የታሸገ ዘይት ግዙ። ማርካው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን ያወቅሁት ተቀጥቼ ነው። የዛሬ አራት ዓመት አንድ መለዋወጫ ቤት ገብቼ «ጥሩ ዘይት ስጠኝ» አልኩ። ሻጩ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የሚያብረቀርቅ ጠርሙስ አወረደልኝ፤ 5 ደብልዩ 30፣ የቤት መኪና ዘይት። ውድ ነበር። ውድ ስለሆነ ጥሩ ነው ብዬ አመንኩ። በሳምንቱ ከጓደኛዬ ጋር ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወረድን። መውረዱ ሰላም ነበር። ስንመለስ ግን ዳገቱ መሀል ላይ ጋዝ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተለውም። ጓደኛዬ ወርዶ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ይባስ ብሎ ቀደመኝ! ደብረ ማርቆስ ስደርስ የፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ሸራ ተቃጥሎ ነበር፤ መቀየር ግድ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ፍሪሲዮኑን አይነካውም። የእኛ ቦክሰር ግን ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ይጋራሉ። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ውስጥ ደግሞ ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ የሚያንሸራትት ቅመም ይጨመራል። ሸራው እርስ በርሱ መያያዝ ሲገባው ይንሸራተታል። ኤም ኤ የሚለው የጃፓኖች ደረጃ ዘይቱ ፍሪሲዮን እንደማያንሸራትት ተፈትኗል ማለት ነው። ኤም ኤ 2 በመያዝ የተሻለው ነው። ኤም ቢ የሚል ካያችሁ ተዉት፤ እሱ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለማይገባ ስኩተር ነው። ባለ ሦስት እግር ባጃጅ የምትነዱም ይህ ይመለከታችኋል፤ ባለ ፎር ስትሮኩ (ቤንዚኑ ላይ ዘይት የማይደባለቅበት) ባጃጅ ፍሪሲዮኑ እንደ ሞተር ሳይክሉ ነው።

ቁጥሩስ? ደብልዩዋ «ክረምት» ማለት ናት፤ የፈረንጅ ክረምት ግን። የእኛ ክረምት ጭቃ ነው እንጂ በረዶ አይደለም። ከሷ በፊት ያለው 20 ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል። 20 ደብልዩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ «ማርቆስ ብርድ ነው፣ ቀጭን ዘይት ያስፈልጋል» የሚለውን ወሬ አትስሙ። ጥር ላይ በሌሊት ተነስታችሁ ወደ ረቡዕ ገበያ ብትወጡም 20 ደብልዩ አይከብደውም፤ አንድ ሁለት ደቂቃ አሙቁትና ሂዱ። ለእኛ የሚያሳስበው የኋላው ቁጥር ነው፤ በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለው ውፍረት። ቦክሰር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ሰው ጭናችሁ፣ ድንች ደርባችሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ስትወጡ ነፋሱም የለም። 50ዋ እዚያ ነው ዋጋዋ። ሁሉም ሞተር ግን ይህን አይፈልግም። ሆንዳ ለብዙ ትናንሽ ሞተሮቹ 10 ደብልዩ 30 ያዛል። መመሪያው ከጠፋባችሁ ብዙ ጊዜ ዘይት መሙያው አካባቢ ተጽፏል፤ አቧራውን ጠርጉና አንብቡ።

አሁን ወደ ገበያው። ዋጋ አልጽፍም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይለወጣል።

ከበርሜል በሊትር የሚቀዳው ርካሽ ነው። እኔ አልነካውም። ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። የናፍታ መኪና ዘይት፣ 15 ደብልዩ 40፣ ብዙ ሰው ያደርጋል። እውነት ለመናገር ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮን አያንሸራትትም። መንገድ ላይ ቸግሯችሁ ከሆነ ያለ ዘይት ከመሄድ ይሻላል፤ ቋሚ ግን አታድርጉት። ቀጥሎ ለሞተር ሳይክል ተብሎ የተሠራው አለ፦ ሼል አድቫንስ፣ ካስትሮል አክቲቭ፣ የቶታል ሃይ ፐርፍ፣ ለያማሃ ያማሉብ፣ ቦክሰርን የሚሠራው ባጃጅ ኩባንያ ራሱ በስሙ የሚያሸገው። ከእነዚህ ያገኛችሁትን ውሰዱ፤ ደረጃውና ቁጥሩ ከገጠመ ልዩነታቸው ለእኔና ለእናንተ አይታይም። ሞቱል 5100 ከፊል ሲንተቲክ ነው፤ ግሩም ዘይት ነው፤ ለቦክሰር ግን ገንዘቡን ቶሎ ቶሎ ለመቀየር ብታውሉት ይሻላል። ቀለም አትዩ። ቀይ የሆነው በማቅለሚያ ነው።

ያማሃ ኤጂ 100 የምትነዱ የግብርና ሰዎች፣ የእናንተ ነገር ሌላ ነው። እሷ ቱ ስትሮክ ናት። ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ቱ ቲ ዘይት ለብቻው ጋን አለው፤ ማርሹ ደግሞ የራሱ ዘይት። ቱ ቲውን ስትገዙ የኤፍ ሲ ወይም ኤፍ ዲ ደረጃ ያለውን ፈልጉ። ሁለቱን ማምታታት አደጋ ነው፤ ቱ ቲ ዘይት ቦክሰር ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይበላዋል።

የት ላስቀይር ለሚለው፣ ሦስት ቦታ ሞክሬአለሁ። ማደያ ውስጥ ንጹሕ ነው፤ ዘይቱም የታመነ ነው፤ ለሞተር ሳይክል ግን ትዕግሥት የላቸውም። ጋራዥ ጥሩ የሚሆነው አብራችሁ ከቆማችሁ ነው። አንዴ ሻይ ልጠጣ ብዬ ስመለስ የታችኛውን ቡሎን ከልክ በላይ አጥብቀውት ጥርሱ ተበልቶ አገኘሁት። ካርተሩ (ዘይቱን የሚይዘው የሞተሩ ቤት) አሉሚኒየም ነው፣ ጉልበት አይወድም። አሁን ራሴ ነኝ የምቀይረው። አምስት ደቂቃ አስነስቼ አሞቀዋለሁ፤ አጥፍቼ ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ፤ አሮጌ ጎድጓዳ ሳሕን ከታች፣ ቡሎኑን ፈትቼ እስኪንጠባጠብ እጠብቃለሁ። የወጣውን ዘይት በጣቶቼ መካከል አሸዋለሁ። ጥቁር መሆኑ አያስደነግጠኝም፤ ቆሻሻ እያጠበ ነው ማለት ነው። የብረት ብናኝ ከሻከረኝ እጨነቃለሁ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ክረምት ላይ ወንዝ ያሻገራችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ሮንዴላውን አይቼ እዘጋለሁ፤ መመሪያው ያለውን ያህል ብቻ እሞላለሁ። ሊትርና ከዚያ ጥቂት በለጥ የምትል ናት። ማትረፍረፍም ይጎዳል።

ስንት ኪሎ ሜትር ላይ? እኔ በ2,000 እቀይራለሁ። አስፋልት ብቻ የሚሄድ ሰው ሊያቆየው ይችላል፤ የጠጠር መንገድ አቧራ ግን ቀልድ አይደለም። የአየር ፊልትሮውንም አብራችሁ አራግፉ። ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ፣ የማንስ ይሠራል፣ በወር ቁጠሩ።

የተቃጠለውን ዘይት ጅረት ላይ እንዳትደፉ። የእኔን ጎረቤቴ ለአጥር እንጨት ይወስደዋል፣ ለምስጥ። ባዶውን ጠርሙስ ግን ለማንም አልሰጥም። በምስማር በስቼ ነው የምጥለው፤ አለዚያ ነገ የበርሜል ዘይት ተሞልቶበት፣ ክዳኑ ተጣብቆ፣ ተመልሶ ለእኔው ይሸጥልኛል። አንተም የሉማሜው፣ ከመግዛትህ በፊት የክዳኑ ቀለበት ያልተሰበረ መሆኑን እይ፤ ጀርባውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።