የኖቬምበር 15 ዝግጅት ረቂቅ (ኢራቅ ውስጥ የሞተው የአሜሪካ ወታደር የሳጅን ራፋኤል ፔራልታ መታሰቢያ)

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ ተለጥፏል። ጠዋት ፎርት ሮዝክራንስ በሚባለው የወታደሮች መካነ መቃብር ሄደን መቃብሩ ላይ አበባ እናኖራለን። ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ልጆች የሕይወት ታሪኩን ያነባሉ። በጀቱ 900 ዶላር፣ 700ው ለአውቶቡስ። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ።

የቢኒ አባት፦ አንደኛው ገጽ «የባሕር ኃይሉ ጀግና» ይላል። ባሕር ኃይል አይደለም፣ ማሪን ነው፤ ከመርከብ ወርዶ ምድር ላይ የሚዋጋ ወታደር። ልጄ ማሪን ነው፤ ባሕር ኃይል ሲሉት እንዴት እንደሚከፋው አውቃለሁ። ይታረም።

መምህሩ፦ ማሪን አማርኛ አይደለም። አየር ወለድ እንደምንለው ባሕር ወለድ ይባል።

የቢኒ አባት፦ ባሕር ወለድ ብሎ የሚጠራው ማን ነው? ልጆቹ ምን እንደሆነ አይገባቸውም።

መምህሩ፦ እኛ ካላስተማርናቸው ከየት ይገባቸዋል? ደግሞም ማሪን ኮር በባሕር ኃይል ሚኒስቴር ሥር ነው። የተሸለመው ሜዳሊያም የባሕር ኃይል መስቀል ይባላል።

የሰላም እናት፦ መስቀል ከተባለ ሰው የቤተ ክርስቲያን ይመስለዋል። እሱም ይቀየር።

የቢኒ አባት፦ ጋሼ፣ ስለ ልጄ ሥራ እርስዎ ሊያስተምሩኝ አይችሉም!

ታክሲው፦ አውቶቡሱን ለእኔ ተዉት፣ በግማሽ ዋጋ የሚሰጥ ሰው አለኝ። ልጆቹ በስሙ የተሰየመችውን መርከብም ይዩ።

ገንዘብ ያዥ፦ መርከቧ በ2021 ዮኮሱካ ገብታለች። ጃፓን ድረስ አውቶቡስ የለንም።

ጸሐፊዋ፦ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ቃል! ሦስተኛውን ገጽ ያነበበ አለ? ሰውየው ሜክሲኮ ሲቲ ተወልዶ እዚሁ ሳን ዲዬጎ ሞርስ ሃይስኩል ተማረ። ግሪን ካርዱ በእጁ በገባበት ቀን ማሪን ገባ። ዜግነት ያገኘው በወታደርነት ላይ እያለ ነው። በ2004 ኢራቅ፣ ፋሉጃ ላይ በጥይት ተመትቶ ወድቆ ሳለ የተወረወረውን ቦምብ ወደ ሰውነቱ ሳበ፤ 25 ዓመቱ ነበር። ማሪን ኮር ለክብር ሜዳሊያ፣ ለአሜሪካ ከፍተኛው የጀግንነት ሽልማት፣ አቀረበው። በ2008 መከላከያ ሚኒስትሩ ጌትስ አልፈቀዱም፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አስቦ አይስብም ተባለ። አብረውት የነበሩ ግን ሲስበው አየን ብለው መስክረዋል። እናቱ ሮዛ ከዚያ ዝቅ ያለውን ሜዳሊያ፣ የባሕር ኃይል መስቀሉን፣ አልቀበልም ብላ ዓመታት ቆየች። የተቀበለችው በ2015 ነው። እኔ ልጆቻችን እንዲሰሙልኝ የፈለግሁት ይሄንን ነው።

የሰላም እናት፦ እናትየዋን አላወቅሁም ነበር። አንጀቴን በላችው።

የቢኒ አባት፦ ጋሼ፣ ትናንት ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

መምህሩ፦ እግዜር ይቅር ይበለን። ግን ስለ ጀግና ካነሳን ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ አባቶች ይቅደሙ። አባቴ እዚያ ነበር። ፎቶው አለኝ፣ አመጣለሁ።

የሰላም እናት፦ የእኔም አጎት ዘምቷል! ፎቶ እናሰባስብ። ለክፈፍ ስንት ይያዛል?

ገንዘብ ያዥ፦ ታክሲው ስልክ አያነሳም። ለአውቶቡስ ማስያዣ መክፈያው ዛሬ አብቅቷል፣ ስለዚህ ቀርቷል። 300 ለክፈፍ፣ 200 ለቡናና ለዳቦ አዙሬዋለሁ። የሚቃወም?

የቢኒ አባት፦ አልቃወምም። ፔራልታስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከፎቶዎቹ በኋላ አሥር ደቂቃ አለው።

መምህሩ፦ ፕሮግራሙ ላይ ባሕር ወለድ ተብሎ ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦ የፈለጋችሁትን ጻፉ። እኔ መቃብሩ ጋ እሄዳለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት አዳራሹ በር ላይ ነኝ፤ መኪናዬ ከእኔ ሌላ አራት ሰው ትይዛለች። አበባውን ገዝቻለሁ።

የቢኒ አባት፦ እኔና ቢኒ አለን። ሁለት ቦታ ያዢልን።