ቅጹ ላይ ምን እንጠይቅ? የወጣቶች መርሐ ግብር ሁለተኛ ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኦቲዝም (ዓለምን የመረዳትና ከሰው የመግባባት መንገዱ ለየት የሚልበት)፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት መሰብሰብና ረጋ ማለት የሚያስቸግርበት) ወይም ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍ የሚከብድበት) ያላቸው ወጣቶች መጥተው እንዲቆዩልን የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እንደገና ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ «በወር አንድ ቅዳሜ ለእነሱ ብቻ» ይል ነበር። ተቃውሞ ስለበዛበት አውጥቼዋለሁ። የቀሩን የምዝገባ ቅጹ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና የመሪዎች ሥልጠና ናቸው። ያልተዋጠላችሁን እዚሁ ጻፉ።

ወጣት አባል፦ ቅዳሜውን ስላወጣሽው ተባረኪ። እኔ ኦቲዝም አለኝ («አለብኝ» አልልም፣ ዕዳ አይደለም)። ለብቻዬ ቀን ቢሰጠኝ አልመጣም ነበር። ጓደኞቼ ያሉት በሌላው ቀን ነዋ! ቅጹ ላይ ግን «የሐኪም ማስረጃ ይያያዝ» የሚለው አሁንም አለ። ምርመራ ለማግኘት ዓመታት የሚጠብቅ ብዙ ነው። ሴቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው የሚታወቁት። ወረቀቱስ ቢመጣ ምን ይነግራችኋል? አንዱን ጫጫታ ያሳብደዋል፣ ሌላው ራሱ ጫጫታው ነው። «ምን ይረብሽሃል? ሲጨንቅህ ምን ያግዝሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉንም ተመዝጋቢ።

አሰልጣኝ፦ ወንድሜ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ ሕግ ካወጣን ቡድን የሚባል ነገር አይኖርም ብዬ ልጽፍ ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ፊሽካ በነፋሁ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ከሜዳ ይወጣል። «ሥነ ሥርዓት የለህም» ብዬ አባረርኩት። አልተመለሰም። አሁን ሳስበው ያመመው ድምፁ ነበር። የእጅ ምልክት እሞክራለሁ። ግን የግጥሚያ ቀን ዳኛው ፊሽካ መንፋቱ አይቀርም።

ወጣት አባል፦ አሰልጣኝ፣ እንደሚነፋ ቀድሜ ካወቅኩ እችለዋለሁ። የሚገድለኝ ድንገት ጆሮዬ ሥር ሲሆን ነው።

እናት፦ ስለ ልጄ «ምንም የለባትም እኮ፣ ጨዋ ናት» ትሉኛላችሁ። ቤት ስንደርስ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትፈነዳው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ራሷን ይዛ፣ ሌሎቹን እያየችና እየመሰለች ቆይታ ነው። ጥጋብ አይደለም፤ ድካም ነው። ስለዚህ «እዚህ ደህና ናት» የሚለውን መለኪያ አታድርጉት።

ከሁሉ የሚጎዳን ድንገተኛ ለውጥ ነው። በር ላይ «ዛሬ ሥዕል ቀርቷል፣ ስፖርት ነው» ስትሉን ለእናንተ ትንሽ ነገር ነው። እሷ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሥዕሉ ስታስብ ነው የከረመችው። በዋዜማው ማታ መልእክት ላኩልን። ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚመራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ። የተለወጠ ካለ እሱን አስቀድሙ።

ገንዘብ ያዥ፦ «ጸጥ ያለ ክፍል» ስትሉ ግንባታ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። የዕቃ ክፍሉን እናጽዳ፣ የሚርገበገበውን መብራት እንቀይር፣ ምንጣፍና ጥቂት የጆሮ መከላከያ እናስገባ። በቃ። ብር የሚበላው ሥልጠናው ነው። አንድ ባለሙያ መጥቶ ስላይድ አሳይቶ የሚሄድ ከሆነ ባልከፍል ይሻለኛል።

ወጣት አባል፦ ጋሼ፣ እኔም እንደዚያው። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው ምሁር ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው ብሎ ጽፏል። እኛ እናንተን እንደማንረዳችሁ፣ እናንተም እኛን አትረዱንም። ስለዚህ ሥልጠናውን ከሚሰጡት አንዱ ከእኛ ይሁን። በነፃ ግን አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ። ይከፈለው።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ እንዲህ አስተካክያለሁ። የሐኪም ማስረጃ ወጥቷል። ሁለቱ ጥያቄዎች ለሁሉም ተመዝጋቢ ገብተዋል። የዋዜማው መልእክት የመሪዎች ግዴታ ሆኗል። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሰጥ የሚለውንም ጨምሬያለሁ፤ ኤዲኤችዲ ላላቸው አራት ነገር ባንዴ መንገር ምንም እንዳለመንገር ነው። መነሻ አድርጌ የጠቀስኩት እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን (ስምምነት) ነው። አንቀጽ 30 ልጆች በጨዋታና በስፖርት ከሌሎች እኩል እንዲሳተፉ ይላል። ለጋሾች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ።

ክፍሉ ግን ቅጣት ቤት እንዳይመስል እፈራለሁ። ማንም ተገዶ አይግባ፣ ሲፈልግ ገብቶ ሲፈልግ ይውጣ። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥ። በሩ ላይስ ምን እንጻፍ?

ወጣት አባል፦ ምንም አትጻፉ። የት እንዳለ ብቻ ለሁሉም ንገሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አሰልጣኝ፣ ኳሶቹን የት ልታደርጋቸው ነው?